ጨው የገባበት መድኃኒት

«በል ሂድ፣ ገበያው ሳይበተን ድረስ» አለችው ገነቴ፣ ዘነዘናውን ሳታሳርፍ። ሂድ ትበለው እንጂ እንዲሄድስ ጨርሶ አልፈለገችም። ባሏ ጠና የገበያ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ጫማውን ያስራል። ዶዮገና ወርዶ የተባይ ኬሚካል ሊገዛ ነው።

ነገሩ የባቄላው ነው። ገና አበባ እንዳወጣ ጥቁር ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወረረው። ጠና እንደ አምናው ኬሚካል እንርጭ አለ። አምና የረጨ ጊዜ ግን ከገነቴ ሦስት ቀፎዎች ሁለቱ ጭጭ አሉ። ከቀፎው ሥር የረገፉትን ንቦች በመጥረጊያ ስትሰበስብ ማልቀሷን ማንም አላየም። አሁን የቀራት አንድ ቀፎ ነው። «እስከ ሐሙስ ታገሰኝ፣ የራሴን መድኃኒት እሠራለሁ» ብላ ለመነችው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ገና ሙቀጫ ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ተጠልሎ ትንሽ ሳሙና ይገባበትና ማታ ንቦቹ ሲገቡ ይረጫል። ቤት ያፈራው ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ሙቀጫው ውስጥ ገብቷል። ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለው የዘሩ ብቻ ቀርቷል። እሱን ደግሞ ጠና እንኳን ሊያስነካ፣ ቀና ብለው ሲያዩትም ደስ አይለውም።

ልጇ ሊዲያ የተወቀጠውን በጣቷ ጫፍ ነክታ ቀመሰች።

«እማዬ፣ ጨው አለው እኮ።»

«የምን ጨው?»

ገነቴም ቀመሰች። አለው። ያውም ልኩን የጠበቀ ጨው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሙቀጫ ለቆጮ ማባያ ዳጣ ሲወቅጥ የኖረ እጇ፣ እሷን ሳያማክር ከጨው ጣሳው ዘግኖ ጨምሯል። ጨው ደግሞ ቅጠል ያቃጥላል። ከክሽክሹ የተረፈውን ባቄላ እሷው ልትጨርሰው ነበር። በገዛ እጇ አፈረች።

«ምን ሆናችሁ?» አለ ጠና፣ ከበሩ ተመልሶ።

«ዳጣ ሆነብኝ።» ሳቅም እንባም መጣባት። «በቃ፣ ሂድና ግዛ።»

 ጠና ከቁርስ ከተረፈው ቆጮ ቆርሶ ሙቀጫው ውስጥ አጠቀሰና ጎረሰ። ወዲያው ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አፍንጫው ፈሰሰ።

«እኔን እንዲህ ካደረገ…» ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቀው ደግሞ አጠቀሰ። ሊዲያ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች።

ገነቴ ግን አልሳቀችም። ዳጣውን በሳህን ገልብጣ ሙቀጫውን ልታጥብ ወጣች። ንቦቹ ከቀፎው ወደ ባቄላው አበባ፣ ከአበባው ወደ ቀፎው ይመላለሳሉ። ስለሚሆነው የሚያውቁት ነገር የለም። ሙቀጫው ከጸዳ በኋላም ስታጥበው ቆየች።

ስትመለስ ጠና አልሄደም። ጫማውን አውልቆ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። ከምድጃው በላይ ባዶ ገመድ ተንጠልጥሏል።

«የዘሩን?» አለች።

«ወቅጪ» አለ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

ገነቴ ዘነዘናውን አነሳች። የጨው ጣሳውን ከቦታው አጣችው። ዞር ስትል የጠና የገበያ ኮት አንድ ኪሱ የጣሳ ያህል አብጧል።