ሁለተኛው ሲዲ

አሮን ከመዘምራኑ ይባረር አይባረር የሚለው ጉዳይ በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ኤርካሎ ሳሎን ውስጥ፣ በቴሌቪዥን ሊወሰን ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ለበዓሉ ካሴት ሊያስቀርጹ ተነሥተዋል፤ መጀመሪያ የሚገባውም አሮን የደረሰው መዝሙር ነበር። ቀን ቀን ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ የሚውለው ይህ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ከዚያች መዝሙር ሌላ የኔ የሚለው ነገር አልነበረውም። ሁለት ዓመት ለፍቶባታል።

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ልምምድ ላይ ነው። ከኪቦርዱ ቦርሳ ሁለት ሲዲ ዱብ አሉ። ሽፋኑ ላይ አራት ሽማግሌ ፈረንጆች ጊታር ታቅፈው ይሥቃሉ። ለዓመታት ተኳርፈው ኖረው፣ በስተርጅና ታርቀው እንደገና መድረክ የወጡ የእንግሊዝ ሮከኞች ናቸው፤ አንዱ ዘፈናቸው ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም ሲዲ የኮንሰርታቸው ቪዲዮ ነው፤ ለአሮን ያዋሰው አርባ ምንጭ የሚማር ጓደኛው ነበር።

ጋሽ ኤርካሎ ሽፋኑን ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«ይቃጠል!» አሉ።

ጋሽ ኤርካሎ ከተናገሩ ደግሞ ሰው ይሰማል። በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው ሁለት ዓመት ታስረዋል። እዚያው እስር ቤት የመጣላቸውን መዝሙር ከአረካ እስከ ሁምቦ የማይዘምር ምእመን የለም። ለሠርግ እሱ፣ ለለቅሶ እሱ፣ ስብሰባ ሲከፈትም እሱ ነው፤ የሶዶ ሕፃን «እማዬ» ከማለቱ በፊት ዜማውን ያውቀዋል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

«የኔ መዝሙር በጾምና በእንባ መጣ። ያንተስ ከየት መጣ?» ብለው አሮንን አፋጠጡት። «ከእነዚህ ነው የቀዳኸው! ሲዲው ይቃጠል፣ መዝሙሩም ከካሴቱ ይውጣ፣ አንተም ከመዘምራኑ ውጣ።»

«ኧረ ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ሲዲ ብቻ ነው ያየሁት! ሁለተኛውን ልከፍት ስል መብራት ሄደ።»

መብራት ሄደ የሚለው ነገር ሶዶ ውስጥ እውነትም ሰበብም ስለሆነ ማንም አላመነውም። ያዳነችው የመዘምራኑ ኮሚቴ ጸሐፊ መምህርት ማክዳ ናት።

«ሳንሰማ ፈርደን ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

እናም እሑድ ሦስት ሰዎች ለፍርድ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ኤርካሎ ናቸው፤ በወጣትነታቸው አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ቤት ስለሠሩ እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ጸሐፊዋ ማክዳ ናት። ሦስተኛው አቶ ሻንቆ ናቸው፤ እሳቸው ያላንቀላፉበት ስብሰባ እስካሁን አልተመዘገበም። የጋሽ ኤርካሎ ባለቤት ወይዘሮ ፋንታዬ ሻይ አቅርበው፣ ለእራት ጎደሬ ሊልጡ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ አቶ ሻንቆ እንቅልፋቸውን ጀመሩ። ከበሮው ድንገት ሲፈነዳ ከሶፋው ተነሥተው ቆሙ፤ ማክዳ ሻይዋን ቀሚሷ ላይ ደፋች። ጋሽ ኤርካሎ ብርጭቆአቸውን ቀደም ብለው አንሥተው ስለነበር ምንም አልሆኑም።

«ይኼ ከበሮ ሰው ይገድላል!» አሉ አቶ ሻንቆ።

«ምቱ ሰባት ነው» አለ አሮን፣ ነገሩን ለማለዘብ። «ለመቁጠር ያስቸግራል። እኔ ራሴ አሁንም ይጠፋኛል።»

ጋሽ ኤርካሎ በንዴት ይመስላል፣ በጣታቸው የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሽፋን ይቆረቁራሉ። አንድም ምት አልሳቱም።

ቀጥሎ ዘፋኙ በራሰ በራ ጭንቅላቱ ብቅ አለ።

«ይኼ ሰውዬ ያን ሁሉ ፀጉር ምን በላው?» አሉ ጋሽ ኤርካሎ።

«ዕድሜ ነዋ» አሉ አቶ ሻንቆ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

የመጀመሪያው ሲዲ አለቀ። ማክዳ «ተመሳሳይ ዜማ አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ይኼኔ ጋሽ ኤርካሎ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ብድግ ብለው አሮንን አቀፉት፣ ግንባሩንም ሳሙት።

«በቃ! ልጁ ንጹሕ ነው። የበደልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ፣ ልጄ። መዝሙርህም መጀመሪያ ይገባል።»

የአሮን ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ትሕትና ከሽማግሌ አይቶ አያውቅም። እዚያ ላይ አመስግኖ ቢወጣ ኖሮ ሁሉም በሰላም እራቱን ይበላ ነበር። ግን ንጹሕ ሰው ጥጋብ አያጣውም።

«ሁለተኛውም ይታይልኝ፣ ጋሼ። ነገ ‹ግማሹን አይተው ለቀቁት› ይሉኛል።»

«አያስፈልግም! አምንሃለሁ አልኩህ እኮ!»

«ቃለ ጉባኤው ሁለት ሲዲ ነው የሚለው፣ ጋሽ ኤርካሎ» አለችና ማክዳ ሲዲውን ከእጃቸው ወስዳ ማጫወቻው ውስጥ ከተተችው።

ሲዲው መዞር ሲጀምር አሮን ገና አሁን ፈራ። ሰው የሰማውን ሁሉ የት እንደሰማው መች ያስታውሳል? በልጅነቱ ከሬዲዮ ሰምቶ፣ ረስቶት፣ የራሱ መስሎት ቢሆንስ? ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዜማ ሲያሳድግ ኖሮ ቢሆንስ? አምላኬ፣ አታዋርደኝ አለ በልቡ።

የመድረኩ መብራት ደብዘዝ አለ። ኦርጋን ብቻውን፣ በዝግታ ገባ። ራሰ በራው ማይኩን ጨበጠና የመጀመሪያውን ስንኝ አዜመ።

አሮን ዜማውን ያውቀዋል። ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ማክዳ እስክሪብቶዋን አቆመች። አቶ ሻንቆ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ነቁ። ጋሽ ኤርካሎ ሪሞቱን በሶፋው ሥር፣ በዳንቴሉ ሥር ይፈልጋሉ፤ ተቀምጠውበታል።

ከጓዳ ወይዘሮ ፋንታዬ ጎደሬያቸውን እየላጡ፣ ዜማውን ከፈረንጁ ተቀብለው፣ የባላቸውን የእስር ቤት መዝሙር ከፍ ባለ ድምፅ ይዘምሩ ጀመር።