ልጅቷን የሚድራት ሰው

ቃዲው የልጇን የኒካህ ውል ወረቀት ወደ ሳልካ ገፋ አደረጉና «በይ፣ ጣትሽን እዚህ አሳርፊ» አሏት። ሳልካ ግን ጣቷን ቀለም አላስነካችም። መስመር ለመስመር እያስኬደች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመችና «ልጅቷን የሚድራት» ከሚለው ጎን ስትደርስ ቆመች። የተጻፈው የሲድ አህመድ ስም ነበር።

«እሳቸው ለልጄ ምኗ ናቸው?» አለች።

«እናትሽ የአባታቸው ባሪያ አልነበረች? እናንተን የሚድሩ እነሱ ናቸው፤ የቆየ ልማድ ነው። ኑዋክሾት ከተማ ሄደሽ ሁለት ወር ፊደል ስለቆጠርሽ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ ቃዲው።

እንግዶቹ ሳቁ። ሙሽራው ሰዓቱን አየ። ሰርጉ ቢፈርስስ ብላ ፈራች፤ ጣቷን ግን ከስሙ ላይ አላነሳችም።

«አባቷ ቢሞትም የአባቷ ወንድም አለ» አለች።

ሁሉም ወደ ሟቹ ወንድም ወደ ምባረክ ዞሩ። ምባረክ በየድግሱ እንደሚያደርገው ጥግ ላይ ቁጢጥ ብሎ ለእንግዶቹ ሻይ እየቀዳ ነበር። እጁ በአየር ላይ ቀረ፤ ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና መጥቶ ቃዲው ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«የእኔን ስም ይጻፉ» አለ። «ሻዩን ሌላ ሰው ይቅዳ።»