ቀድሞ ያለቀ ቃለ ጉባኤ

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፍቶ ለጋዲሴ ዘረጋላት። «እዚህ ጋ ፈርሚና ሂጂ።» ገና በሩን እንኳ አልዘጋችም። ጥፋቷ የፈተና ወረቀቴ በድጋሚ ይታይልኝ ብላ ማመልከቷ ነበር፤ መምህሩ ስሜን አጠፋች ብሎ ከሰሳት። ከካራ ሰፈር በታክሲ ስትመጣ፣ ለክሱ መልሷን የጻፈችባቸውን አራት ገጾች መንገዱን ሙሉ ደጋግማ ስታነብ ነበር።

ወረቀቱን አነሳችው። ቃለ ጉባኤው ተተይቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ሦስቱም የኮሚቴው አባላት ፈርመውበታል። «ተማሪዋ ሐሳቧን በሰፊው ከገለጸች በኋላ ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች» ይላል።

«መቼ ነው የገለጽኩት?»

«ለፎርማሊቲ ነው ባክሽ፤ አታካብጂው» አላት ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ። «ምሳ ሰዓት ደርሷል።» ሌሎቹ ሁለት አባላት ቦርሳቸውን አንስተው ቆሙ።

ጋዲሴ እስክሪብቶውን ከሰብሳቢው እጅ ተቀብላ ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ በሩን ዘጋችና ወንበር ጎትታ በሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

«በሰፊው ገልጻለች ብላችሁ ፈርማችኋል» አለች፣ አራቱን ገጾች ጭኗ ላይ እየዘረጋች። «ቁጭ በሉ። ፊርማችሁ ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።»