በር ላይ የቀረ ጸሎት

ፋሻው መጨረሻው ላይ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ለብ ባለ ውኃ አርሳ ቀስ ብላ ስትስበው ቢጫው መግል በባሏ ተረከዝ ላይ አልፎ ሳፋው ውስጥ ወረደ። እሱ እንደ ሁልጊዜው ጥርሱን ነክሶ "ተመስገን" አለ። ይሄኔ የጸሎት ቡድኑ መሪ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ወደ ውስጥ ግን አልዘለቁም። ነጭ መሐረብ አውጥተው አፍንጫቸውን ያዙና፣ "አይዟችሁ፣ ፈተና ነው፤ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ነው" አሉ። እዚያው ቆመው ጸለዩ፤ አሜኑን እየተራመዱ ጨረሱት።

"እግዜር ከእኛ ጋር፣ እሳቸው ከመሐረባቸው ጋር!" አለች በአፏ እየተነፈሰች። "ኤጭ! እንዲህ ያለ ክርስትና ያንገሸግሸኛል። ከቁስልህ ይልቅ የሳቸው ጸሎት ነው የከረፋኝ።"

ባሏ ፈገግ አለ። "አንቺ ደግሞ በምንሽ አሸተትሽው? ሦስት ወር ሙሉ ድምፅሽ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። አፍንጫ ውስጥ ጥጥ የሚወተፈው እኮ ለሬሳ ነው፤ እኔ ሳልሞት ቀደምሽኝ።"

እጇ ሳፋው ላይ ደርቆ ቀረ። ፊቷን አዞረችና ሁለቱን ጥጦች ከአፍንጫዋ መዝዛ አወጣች። ሽታው እንደ ጥፊ አጮላት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ይህ እየሸተተህ ነው በየጠዋቱ ተመስገን የምትለው?"

"እግዜርንም እኮ ይሸተዋል" አላት። "ግን በር ላይ አልቆመም።"

ጥጦቹን ሳፋው ውስጥ ጣለች። አንዴ አቅለሸለሻት፤ ዋጥ አደረገችና በቁስሉ ላይ ጎንበስ አለች።