አንድ የእኩል ምልክት

«ምንም አልነካሁም ብል ማን ይስማኝ!» ይላሉ ሲስተር፣ የሆስፒታሉን ፕሮግራም ወደምንሠራበት ቢሮ ገብተው ወንበር ብስብላቸውም ሳይቀመጡ።

ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ከትናንት ወዲያ ፔኒሲሊን የወጓት በሽተኛ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጠራት፤ ለጥቂት ተረፈች። ለካ መድኃኒቱ አይስማማትም። ኮምፒውተሩ ደግሞ «አለርጂ፦ አለ» የሚለውን «የለም» ብለው የቀየሩት እሳቸው ናቸው ይላል። ዛሬ ጠዋት የእግድ ደብዳቤ ደረሳቸው።

«ኮምፒውተር አይዋሽም» ይላል አለቃዬ፣ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል።

ደሜ ይፈላል። «ሲስተር፣ ይቺ ኮምፒውተሩ ላይ ለሙከራ የፈጠርኳት በሽተኛ ናት፤ አለርጂ አለባት ብዬ መዝግቤያለሁ። በራስዎ ስም ገብተው ገጿን ብቻ ይክፈቱልኝ።»

ይከፍታሉ። «የለም» ይላል። ከሥሩም፣ የቀየረው ሰው በሚለው ቦታ፣ የሳቸው ስም።

እሳት እንደነካቸው እጃቸውን ከማውሱ ያነሳሉ።

«ፕሮግራሙ ‹አለርጂ የለም ወይ?› ብሎ መጠየቅ ነበረበት» እላቸዋለሁ፣ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከፍቼ። «ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት ይጻፋል። እዚህ የተጻፈው አንድ ነው። አንድ ሲሆን መጠየቁ ይቀርና ‹የለም ይሁን› ብሎ ማዘዝ ይሆናል። ለማየት የከፈተ ሁሉ ሳያውቀው ይቀይረዋል።»

«ማነው የጻፈው?»

አለቃዬ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ባለፈው ሳምንት በጥድፊያ የጨመረው እሱ ነው። «ትንሽ ስህተት ናት፤ ድምፅ ሳናሰማ እናስተካክላት። የሲስተርንም ነገር አስተዳደሩ በማስጠንቀቂያ እንዲያልፈው...»

«የምን ማስጠንቀቂያ?» እጮኻለሁ። «ሰው ሊገድል የነበረው ያንተ መስመር ነው! በሳቸው ስም ልትሸፋፈን ነው? ይቅርታ ጠይቃቸው!»

ሲስተር ዞር ብለውም አያዩት። «ልጄ፣ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ስንት ሰው እንዲህ ተቀይሮበታል?»

እፈልጋለሁ። ስሞቹን እቆጥራለሁ። «አርባ አንድ።»

ዝርዝሩን ወደ ማተሚያው እልካለሁ። ስሞቹ ታትመው ሳያልቁ ሲስተር ወረቀቱን ከማተሚያው ይመነጭቁና ይወጣሉ። የቀረውን ይዤ እከተላለሁ።

የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ መርፌ ሞልቶ አልጋው ጋ ደርሷል።

«ቆይ! ያዘው!» ብለው በሽተኛዋ ላይ ጎንበስ ይላሉ። «እናቴ፣ የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?»

ሴትዮዋ ሁላችንንም ተራ በተራ ታየናለች።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ስገባ ነግሬያችሁ የለም እንዴ?»