ከጠመንጃው ሥር ያለው ፍቅፋቂ

ከልጄ ጋር እየኖርኩ በምሠራበት ቤት፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባሩድና ጥይት በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል። የእንጨት ሰደፉ ላይ አንድ አዳኝ ሚዳቋ ላይ ሲያነጣጥር ተቀርጿል። በየጠዋቱ ቅርጹ ውስጥ የገባውን አቧራ በስቴኪኒ አወጣለሁ፤ ከዚያ ዘይት እቀባዋለሁ።

ሰሞኑን ግን ከጠመንጃው ሥር አዲስ የእንጨት ፍቅፋቂ ማግኘት ጀመርኩ። ጠርጌ እጥለዋለሁ፤ በማግስቱ እንደገና አለ።

«ልጅሽ ናት» አለችኝ ማዳም። «በቢላ ትፍቀዋለች። አንዴ ከደገመች ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።»

«ኧረ ማዳም፣ ፀዳል ገና ስድስት ዓመቷ ነው! እጇም እዚያ አይደርስም።»

«ወንበር የለም እንዴ?»

ወጥተን የት እንገባለን? ቢላዎቹን ሁሉ ቆለፍኩባቸው። ወንበሮቹን ጓዳ አስገባሁ። ትናንት ደግሞ ስንተኛ የልጄን የቀሚስ ጫፍ ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩት። ቋጠሮው እንዳለ ነጋ።

ዛሬ ጠዋት ፀዳልን ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ ሹሩባ እሠራላት ጀመር። የቀኙን እንደጨረስኩ ማዳም ከሳሎን ጮኸች።

«ውቢት! ነይ ጉድሽን እዪ!»

ፍቅፋቂው ከትናንቱ በዝቷል። ተናድጄ «ልጄ ከእኔ አልተለየችም!» ልላት ቀና አልኩ።

ሰደፉ ላይ አዳኙ እንዳነጣጠረ ነው። ሚዳቋዋ ግን የለችም። በቦታዋ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። የቀኝ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል፤ የግራው ተበትኗል።

ፀዳል ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«እማ፣ ግራውን አትጨርሺልኝም?»