በረቱ ውስጥ ያለው ሠዓሊ

በዚያ ዓመት ካንሳስ ውስጥ አቧራው ፀሐይ ጋርዶ ነበር የከረመው። ስንዴው ገና በቡቃያው ደረቀ። በዕቃ ባቡር ተንጠላጥሎ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተተው ሰው ብዛት ለጉድ ነው።

ኮርቢን የሚባለው ረጅም ሰው ከነዚያ አንዱ ነበር። ኦርቪል ከከተማ ሲመለስ፣ ከብቶቹ ከተሸጡ ወዲህ ባዶውን በቀረው በረት ውስጥ አገኘው።

"ማነው ይሄ?" አላት ሚስቱን።

"ሠዓሊ ነው" አለች ቬልማ። "አገር ላገር እየዞረ ይሥላል። ትንሽ ቀን ይረፍ፤ ለሚበላው እንጨት ይፈልጥልናል።"

ቬልማ የቺካጎ ትምህርቷን ጥላ ካገባችው ወዲህ አንድም ነገር ለምናው አታውቅም። እሺ አላት።

ሰውየውን ግን አልወደደውም። ራት ላይ ስለ ሥዕል ሲጠይቀው መጀመሪያ ቬልማን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ "ያው እንግዲህ፣ ጌታዬ" ብሎ ባቄላው ላይ ያቀረቅራል። ስለ ውቅያኖስና ስለ ቀይ ተራሮች ሲያወራ ግን አፉ አያርፍም። ቬልማም ማንኪያዋን እንደያዘች ፈዝዛ ትቀራለች።

ከሰዓት ከሰዓት ከቤት መጥፋት ጀመረች። ስትመለስ ጉንጯ ይቀላል። አንድ ቀን ኦርቪል አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየ፤ ሰማያዊ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ቀለም ነዋ" አለች፣ ቀና ሳትል።

በማግስቱ ሰውየው እንጨት ሲፈልጥ ጠብቆ በረቱ ገባ። የተወጠረ የዱቄት ጆንያ ላይ ቀይ ሾጣጣ፣ ጥቁር ክብ፣ ሰማያዊ መስመር። ተራራ አይል፣ ሰው አይል።

"ይሄ ውሸታም!" አለ ኦርቪል። "ይሄ ሰው ሠዓሊ አይደለም።"

ቅዳሜ ከተማ ወርዶ ዱቄት ሲገዛ ጎረቤቱ ገስ ሰው መሃል ጠራው።

"ስማ እንጂ ኦርቪል! ሰውዬህ የሚሥለው ምንድነው፣ በረቱን ነው ሚስትህን?"

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ኦርቪል ዱቄቱን ጥሎ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ቬልማ የለችም። ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ።

የበረቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"እንዳትነሳ!" ይላል የቬልማ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ። "ገና አልጨረስኩም። ከዚያስ? ቀስ ብለህ!"

ኦርቪል በሩን በርግጫ ገነጠለው።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ የተቀመጠው ኮርቢን ባዶ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ፤ እስከ ክርኗ በቀለም የተነከረችው ቬልማ ግን ብሩሹን ከጆንያው ላይ አላነሳችም።